የምክር ዓምድ፦ አባቴ የሚኮሩበት የምኒልክ ብር ፎርጅድ ነው ተባለ፤ በድብቅ ልቀይረው?

ይድረስ ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ የምኖር፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የማገለግል የ31 ዓመት ባለትዳር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ሲሆን፣ አባቴ እስከ ዛሬ እዚያው ቡናቸውን እየለቀሙና እየሸጡ ይኖራሉ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ቤታችን ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረ፣ አባቴ ከእናታቸው የወረሱትን፣ አያቴ በአንገታቸው ያደርጉት የነበረውን ማርትሬዛ (የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ጠገራ ብር) ሸጠው ላኩኝ። ይህን ነገር አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

በነሐሴ ወር በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ጥንታዊ ጠገራ ብሮች እንደሚሸጡ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየሁ። ሻጩ ማርትሬዛውን 7,500፣ የዳግማዊ ምኒልክን ብር ደግሞ 11,000 ብር አለኝ፤ «ዛሬ ማታ ካልከፈልሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ሲለኝ ደንግጬ ለሁለቱም 18,500 ብር በስልኬ አስቀድሜ ላክሁለት። ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰኝ። ለእንቁጣጣሽ ለአባቴ ስሰጣቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምኒልኩን ብር ከመሐረባቸው ፈትተው ያሳያሉ።

አሁን ታናሽ ወንድሜ በጥር ሊያገባ ነው። አባቴ የምኒልኩን ብር በሰው ፊት በሙሽራዋ አንገት ላይ ሊያስሩላት ስለ ቆረጡ፣ ጆሮ እንዲበየድላቸው ሁለቱንም ብሮች ሰጡኝና አንጥረኛ ወደሆኑት አጎቴ ወሰድኋቸው። አጎቴ በድንጋይ ላይ ጣል ጣል አድርገው ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሁለቱም ፎርጅድ ናቸው። ይኸኛው 1780 ተጽፎበት እንደ ትናንት ያበራል፤ ያኛው ደግሞ ድምፁ ድፍን ነው» አሉኝ። ወርቅ ቤት ወስጄ ሳስመዝናቸው ማርትሬዛው 28.05 ግራም፣ የምኒልኩ 23.6 ግራም ሆነ። ማግኔት አንዳቸውንም አልሳበም። የምኒልኩ ብር የአንበሳው ጋማ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጠርዙን ግን ዙሪያውን አንድ ቀጭን መስመር ዞሮታል።

ለሻጩ ስጽፍለት መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ «ለካሳ ያህል ገበሬ ያገኘውን የንጉሥ ኢዛናን የወርቅ ሳንቲም በግማሽ ዋጋ ልስጥሽ» አለኝ። ባለቤቴ በሌላ ቻናል ሸጬ ገንዘቤን እንዳወጣ ይመክረኛል። ወንድሜ «ዝም በይ፣ ማን ያውቃል?» ይላል። እኔ ግን ሌት ተቀን የማስበው ከሠርጉ በፊት እውነተኛ የምኒልክ ብር ፈልጌ በድብቅ ስለ መቀየር ነው። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ምን ይመክሩኛል?

የዘጌዋ ልጅ

*

ውድ የዘጌዋ ልጅ፤

ደብዳቤሽን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው 28.05 በሚለው ቁጥር ላይ ቆምሁ። አጎትሽ በሁለቱ ብሮች ላይ በአንድ ቃል ፈርደዋል፤ አንቺም በድንጋጤ ፍርዱን እንዳለ ተቀብለሻል። እኔ ግን ሁለቱን ለየብቻቸው እንድናያቸው እፈልጋለሁ፤ ለአባትሽ የምትነግሪው ነገርም የሚወሰነው በዚህ ነውና።

ከማርትሬዛው ልጀምር። አጎትሽን ያጠራጠራቸው የተጻፈበት ዓመትና የሳንቲሙ አዲስነት አለመጣጣማቸው ነው። ጥርጣሬያቸው በሙያ ከኖረ ሰው የመጣ ስለሆነ አናቃልለውም፤ ነገር ግን በዚህ ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በስሟ የተመቱት ብሮች ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ቀጥለዋል። ከቪየና ሌላ በለንደን፣ በበርሚንግሃም፣ በቦምቤይና በሮም ተመትቷል፤ ጣሊያን በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ሮም ላይ ማስመታት የጀመረችውም እኛ አገር የሚታመነው ገንዘብ እሱ ስለ ነበረ ነው። ቪየና እስከ ዛሬ ድረስ ይመታል። ስለዚህ አያትሽ በአንገታቸው ያደርጉት የነበረውም ቢሆን የእሳቸው የዕድሜ እኩያ እንጂ የንግሥቲቱ የዕድሜ እኩያ ላይሆን ይችላል።

የማርትሬዛ ትክክለኛ ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ያንቺው 28.05 መመዘኑ ደህና ምልክት ነው። አጎትሽም ቢሆኑ፣ በነገርሽኝ መሠረት፣ ድምፁ ድፍን ነው ያሉት የምኒልኩን እንጂ ማርትሬዛውን አይደለም። አሁን ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺው። በእውነተኛው ማርትሬዛ ጠርዝ ዙሪያ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ማለትም «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚለው የንግሥቲቱ መፈክር በላቲን ፊደል ከፍ ከፍ ብሎ ወጥቶ ይገኛል። አስመሳዮች ፊቱንና ጀርባውን ተጠንቅቀው ይቀዱና ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ይሰንፋሉ፤ ልሙጥ አድርገው ወይም እንደ ተራ ሳንቲም ሸንሽነው ይተዉታል። የድሮ ገበያተኛ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች በጥፍሩ ሳይቆጥር ብር አይቀበልም ነበር ይባላል፤ አንቺም በማጉያ መነጽር ብታያቸው እያንዳንዱ ዕንቁ ለብቻው ክብ ሆኖ መታየት አለበት።

የምኒልኩ ነገር ግን ያሳዝናል። ፓሪስ ላይ የተመታው የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። ያንቺው በአራት ግራም ተኩል ያህል ይጎድላል። ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ማለቁ ያለ ነገር ነው፤ ሲያልቅ ግን መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የወጣው ቦታ ነው፦ የንጉሡ ጉንጭ፣ የዘውዱ ጫፍ፣ የአንበሳው ጋማ። ጋማው ጥርት ብሎ እየታየ ይህን ያህል ክብደት የሚጠፋበት መንገድ የለም። ጠርዙን የዞረው መስመር ደግሞ ሁለት የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተገጣጠሙበት ይመስላል፤ ይህም ሳንቲሙ በማኅተም የተመታ ሳይሆን ቀልጦ የተፈሰሰ መሆኑን ይጠቁማል። ማግኔቱ አልሳበውም ማለትሽ አያጽናናሽ፤ ብርን እንደማይስብ ሁሉ መዳብን፣ ነሐስንና እርሳስንም አይስብም።

አንድ ሌላ የምታይው ነገር አለ፤ በዚህ ረገድ እኛ ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች እንሻላለን። በንጉሡ ምስል ዙሪያ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በአንበሳው ዙሪያ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ፊደል በፊደል አንብቢው። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው ሲቀዳው እንደ ሐረግ ሥዕል ስለሚያየው የአንዱ እግር ያጥርበታል፣ የሌላው ቀለበት ይደፈንበታል። ዓመቱም በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ነው፤ በአንድ ብሩ ላይ የሚገኙት ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ፈተና በቤትሽ እንድታደርጊ እመክርሻለሁ። ግራምን እስከ ሁለት ነጥብ የሚለይ የወርቅ ቤት ሚዛን ተዋሺ። ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሺው። ማርትሬዛውን በቀጭን የስፌት ክር አንጠልጥለሽ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አስገቢው፤ ክሩን በእጅሽ እንደ ያዝሽ ሚዛኑ የሚያሳየውን አንብቢ። እውነተኛ ከሆነ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነቱ ቅይጥ ብር ከውኃ አሥር እጥፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚከብድ ነው። ያው 28 ግራም የሚመዝን ነገር ነሐስ ቢሆን 3.3 አካባቢ ባሳየ ነበር። ላይ ላዩን ብር የተቀባ ነገር ዓይንን ያታልላል፣ ክብደቱንም አስተካክለው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሁለቱንም አሟልቶ ውኃውን ማታለል ግን ይከብዳል። አጎትሽ አብረውሽ ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ በሙያቸው የሻርሻቸው እንዳይመስላቸው ራሳቸው ክሩን ይያዙት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በደብዳቤሽ ውስጥ በግልጽ ያልጻፍሽው ነገር ኀፍረት ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ የምትመረምር ሴት እንዴት እንዲህ ተሸወድሁ የሚል። ስለዚህ አንድ የቆየ ነገር ላስታውስሽ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ክብ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ከብር ከተሠራው ከ50 ሳንቲም ጋር በመጠን ስለተመሳሰለ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ እንደ አበባ እንዲሸረፍ ተደርጓል። አገር በሙሉ በየቀኑ በሚይዘው ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ በስልክ መስታወት ላይ ብቻ ያየሽውን ነገር አለመለየትሽ አያሳፍርሽም። ያሸነፈሽ «ዛሬ ማታ ካልከፈልሽ» የሚለው ቃል ነው።

በድብቅ የመቀየሩን ሐሳብ የምፈራውም ለዚህ ነው። ባለፈው አንዲት ምሽት አስቸኮለችሽ፤ አሁን ደግሞ ሦስት ሳምንት ያስቸኩሉሻል። ሠርግ እየደረሰ፣ ልብሽ በጭንቀት ተይዞ፣ ከማታውቂው ሰው ሁለተኛ የምኒልክ ብር ብትገዢ መሸወድሽ ይበልጥ የተመቻቸ ይሆናል። ደግሞስ አባትሽ ያንን ብር ከእንቁጣጣሽ ጀምረው ስንት ጊዜ ከመሐረባቸው ፈትተውታል? ጭረቱን፣ መልኩን፣ በመዳፋቸው ላይ ያለውን ክብደት ለምደውታል። በአራት ግራም ተኩል የሚከብድ ሌላ ብር ቢሰጣቸው የማያውቁ ይመስልሻል? ያን ጊዜ የምትገልጪላቸው ነገር የሻጩን ማታለል ብቻ ሳይሆን የራስሽንም ይሆናል።

የወንድምሽ ዝምታ ደግሞ ምንም የማታውቅ አንዲትን ሴት ዕዳ ውስጥ ይከታል። ሙሽራዋ ብሩን በአንገቷ አድርጋ ወደ ቤተሰቦቿ ትመለሳለች፤ ከእነሱም መካከል እንደ አጎትሽ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ የሚሰማ አይጠፋም። ያኔ ወሬው የሚያርፈው በአባትሽ ላይ ነው።

ስለ ባለቤትሽ ምክር ብዙ አልልም። የወጣው ገንዘብ የጋራችሁ ነውና መቆጨቱን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ እውነተኛ ነው ብሎ መሸጥ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነት ተብሎ የተደነገገው ጥፋት ነው፤ ደግሞም ሌላ ልጅ ለሌላ አባት ትገዛዋለች። ይህንን አንቺ ራስሽ በቀስታ ንገሪው።

ስለዚህ ለአባትሽ ከሠርጉ በፊት፣ እንግዳ በሌለበት፣ አንቺው ራስሽ እንድትነግሪያቸው እመክርሻለሁ። በስልክ አታድርጊው። አንድ ቅዳሜ በጠዋቱ የዘጌን ጀልባ ያዢ። አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚዛን ምን እንደሚል ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቃሉ። ሚዛኑን ይዘሽ ሂጂና በፊታቸው ማርትሬዛውን አስቀድመሽ መዝኚ፣ የምኒልኩን ቀጥዪ፤ ቁጥሮቹን ራሳቸው ይዩ። ከዚያ በኋላ፣ «አባባ፣ የአያቴን ብር ለእኔ ብለው መሸጥዎን ስላልረሳሁ ልመልስልዎ ብዬ ቸኮልሁ፤ በአንደኛው ተታለልሁ» በዪያቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ እሳቸው አንሥተውብኝ አያውቁም ብለሻል፤ አንቺስ አንሥተሽላቸው ታውቂያለሽ? የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩት ነገር ነውና ዝም ሊሉ፣ ሊቆጡም ይችላሉ። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብትሉ ምንም አይደለም፤ ዝምታውን በወሬ ለመሙላት አትቸኩዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። አያትሽ በአንገታቸው ያደርጉት የነበረው ማርትሬዛ ከሆነ፣ በሙሽራዋ አንገት ላይ መታሰር ያለበት የቱ ነው? የምኒልኩ ለእንግዳ የሚታይ ነው፤ ከቤታችሁ የወጣው ግን ሌላው ነበር። ማርትሬዛው በውኃውም በጠርዙም ፈተናውን ካለፈ ለአባትሽ ይህን ሐሳብ አቅርቢላቸው፤ ውሳኔው ግን የእሳቸው ይሁን። የሚታሰር ከሆነ አጎትሽ ጆሮ አይበይዱበት፤ የብየዳው እሳት ሳንቲሙን ያበላሸዋል፣ ዋጋውንም ይቀንሰዋል። ሳንቲሙን ዙሪያውን የሚይዝ የብር ክፈፍ ሠርተው ጆሮውን ክፈፉ ላይ ያድርጉት። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና እንዳይፈተግም አደራ።

ሻጩን በተመለከተ ዛሬውኑ ማድረግ ያለብሽ ነገር አለ። በቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የተጻጻፋችሁትን ከሁለታችሁም ስልክ ሊሰርዘው ስለሚችል፣ ከማስታወቂያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው መልእክት ድረስ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሽ፤ የገንዘቡን ማስተላለፊያ ደረሰኝና ዕቃው የመጣበትን የአውቶቡስ ደረሰኝ አብረሽ አኑሪ። ከዚያ ያለ ስድብ፣ የሁለቱን ክብደት ጠቅሰሽ፣ የምኒልኩን መልሶ 11,000 ብሩን እንዲልክልሽ ቀን ቆርጠሽ ጻፊለት። ካልመለሰ ማስረጃሽን ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፤ ሆኖም ሐሰተኛውን ብር ማስረጃ ስለሆነ አትጣዪው፣ አታስቀልጪው።

«የኢዛና ወርቅ» ያለውን ነገር በሩቁ ሽሺው። ጨረቃና ፀሐይ ያለበት የቅድመ ክርስትናው ነው፣ መስቀል ያለበት ከተጠመቀ በኋላ ያስመታው ነው እያለ ታሪክ ሊያስተምርሽ ይችላል፤ ታሪኩ እውነት መሆኑ ሳንቲሙን እውነተኛ አያደርገውም። ሐሰተኛ ከሆነ ሁለተኛ ተታለልሽ ማለት ነው። በእርግጥ ገበሬ ቆፍሮ ያገኘው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ እንጂ በቴሌግራም መሸጥ አይገባውም፤ ገዢውንም ተጠያቂነት ይከተለዋል።

ሠርጉ አልፎ፣ ልብሽ ረግቶ፣ አባትሽም ፈልገው እውነተኛ የምኒልክ ብር ለመግዛት ብትነሺ፣ በትንሹ ጀምሪ። ከዘመኑ ትናንሽ የብር ሳንቲሞች ግርሽ 1.4 ግራም፣ አላድ ደግሞ የብሩ ግማሽ፣ 14 ግራም ያህል ነው፤ ብትሳሳቺም ጉዳቱ ይቀንሳል። ሻጩን የፊቱንና የጀርባውን ብቻ ሳይሆን የጠርዙን፣ ሚዛን ላይ የተቀመጠበትን፣ እንዲሁም የዕለቱ ቀንና የአንቺ ስም በእጅ ከተጻፈበት ወረቀት አጠገብ የተነሣውን ፎቶ ጠይቂው። ሳንቲሙ በእጁ የሌለ ሰው ይህን ማድረግ ስለማይችል ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆጣል። በተለያዩ ቻናሎች የሚታዩ ብሮች ያው ጭረት በያው ቦታ ካለባቸው፣ ወይ ፎቶው የተሰረቀ ነው ወይ ሁሉም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። የዕለቱን የብር ዋጋ ከወርቅ ቤት ጠይቀሽ በ23.4 አባዢው፤ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ይህን ያህል ግራም ነውና፣ ከዚያ በታች የሚሸጥልሽ ሰው ለምን ለአንጥረኛ እንዳልሸጠው ጠይቂው። በሳንቲም መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ በፕላስቲክ የታሸገና ቁጥር የተሰጠው ሳንቲም ቢያሳይሽም ቁጥሩንና ፎቶውን በመርማሪ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አመሳክሪ፤ ማሸጊያውንም ያስመስሉታል። ገንዘብ የምትከፍዪው ደግሞ አንቺ ወይም የምታምኚው ዘመድ ሳንቲሙን ሚዛን ላይ ካያችሁ በኋላ ነው፤ ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ እዚያ ያለ ዘመድ ወርቅ ቤት ቀጥሮት ይገናኙ።

ለጊዜው ግን ብርጭቆውንና ክሩን አዘጋጂ። ከአጎትሽ ጋር የማርትሬዛውን የውኃ ቁጥር ካነበባችሁ በኋላ ስንት እንዳሳየ ጻፊልኝ፤ ከ2.75 የራቀ ከሆነ ወደ ዘጌ ከመሄድሽ በፊት ለአባትሽ የምትነግሪውን አብረን እናስተካክለዋለን።